ለመድረስ የሚያስቸግረው አቶም

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የዛሬው ወሬዬ ብርቱ ማግኔት የሆኑ አቶሞችን በሌዘር ስለማቀዝቀዝ ነው።

በእጄ ሁለት ትናንሽ ማግኔቶች ይዣለሁ። ሁለቱንም ሰሜናቸውን ወደ ላይ አድርጌ ጎን ለጎን ላቁማቸው። እዩ፣ አልጠጋ አሉ። ይገፋፋሉ። አሁን አንዱን አንስቼ ከሌላው አናት ላይ ላስቀምጠው። ጠቅ! ተጣበቁ። ማግኔቶቹ ያው ናቸው። የተለወጠው አቀማመጣቸው ብቻ ነው። ጎን ለጎን ከሆኑ ጠላት፣ ከላይና ከታች ከሆኑ ወዳጅ። ይህን ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ማግኔቱን በሐሳብ እያሳነስን እንውረድ። የፍሬ ያህል፣ የአቧራ ያህል፣ በመጨረሻም አንድ አቶም ያህል። አንድ አቶም ብቻውን ማግኔት መሆን ይችላል ወይ? ይችላል። ሽተርንና ገርላክ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በ1922 ፍራንክፈርት ላይ የብር አቶሞችን በማግኔት መካከል አሳልፈው ጨረሩ ለሁለት ሲሰነጠቅ አይተዋል። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የአቶም ማግኔትነት መለኪያም አለው፤ የቦር ማግኔቶን ይባላል። በቀዝቃዛ አቶሞች ሙከራ የታወቀው ሩቢዲየም 1 አካባቢ ነው። ክሮሚየም 6፣ ኤርቢየም 7፣ ዲስፕሮሲየም 10።

አሥር እጥፍ ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት። ሁለት አቶሞች ሲተያዩ የአንዱ ማግኔትነት በሌላው ይባዛል። አሥር ጊዜ አሥር፣ መቶ። ሁለት የዲስፕሮሲየም አቶሞች ከሁለት የሩቢዲየም አቶሞች መቶ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይተያያሉ ማለት ነው።

ዲስፕሮሲየም የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ነው። ትርጉሙ «ለመድረስ የሚያስቸግር» ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ለኮክ ደ ቧቦድራን በ1886 ከሌሎች ማዕድናት ለይቶ ለማውጣት ብዙ ስለደከመ ነው ይህን ስም ያወጣለት። እኔ ይህን ስም በጣም ነው የምወደው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሌዘር ሰዎችም ያንኑ ቃል ሊሉ ነበርና።

ሩቅ የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2024 ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባን ያጥለቀለቁት የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ አይደል? የብዙዎቹ ሞተር ውስጥ ያለው ማግኔት ሲግል እንዳይደክም ጥቂት ዲስፕሮሲየም ይጨመርበታል። ኤርቢየም ደግሞ በባሕር ወለል ላይ በተዘረጉት የኢንተርኔት ገመዶች ውስጥ አለ። መንገድ ላይ የደከመውን ብርሃን እያጎለበተ ወደፊት የሚልከው እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ውጭ አገር ላለ ዘመዳችሁ ቪዲዮ ልካችሁ ከሆነ ኤርቢየም ሳያግዛችሁ አልቀረም።

ወደ ማቀዝቀዙ እንግባ። ሰው «ሌዘር» ሲባል የሚያቃጥል፣ የሚቆርጥ ነገር ነው የሚታየው። ታዲያ እንዴት ያቀዘቅዛል?

ሙቀት ማለት የአቶሞች ሩጫ ነው። ማቀዝቀዝ ማለትም ማዘግየት ነው። የዲስፕሮሲየም ብረት በምድጃ ውስጥ ወደ 1250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል በትንሽ ቀዳዳ አቶሞች ይወጣሉ። ፍጥነታቸው በሰከንድ ወደ 480 ሜትር ነው። ከፊት ለፊት ሰማያዊ ሌዘር እንልክባቸዋለን። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቁርጥራጮች ይመጣል። እያንዳንዱ ፎቶን አቶሙን ሲመታው ፍጥነቱን በሰከንድ 6 ሚሊሜትር ያህል ይቀንስበታል። 6 ሚሊሜትር! የሚጋልብ ፈረስን ከፊት ሆኖ የጤፍ ፍሬ እየወረወሩ እንደ ማቆም ነው። ግን ስሌቱን ሥሩት። አቶሙን ለማቆም ከ80,000 በላይ ፎቶን ያስፈልጋል። አቶሙ ደግሞ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 100 ሚሊዮን ፎቶን መቀበልና መልሶ መትፋት ይችላል። ስለዚህ ሥራው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። በዚያች ቅጽበት አቶሙ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከመሬት ስበት ወደ 60,000 እጥፍ ይበልጣል። ይህን ስሌት መጀመሪያ ስሠራ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ።

አንድ ብልሃት ግን ያስፈልጋል። ወደ ሌዘሩ የሚሮጠው ብቻ ይመታ እንጂ የቆመው ወይም የሚሸሸው መመታት የለበትም። አምቡላንስ ወደናንተ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፏችሁ ሲሄድ ይወፍራል። ብርሃንም እንደዚያው ነው። ሌዘሩን አቶሙ ከሚፈልገው ቀለም ጥቂት ወደ ቀዩ ዝቅ እናደርገዋለን። የቆመው አቶም ብዙም አይቀበለውም። እየሮጠ የሚመጣበት ግን ቀለሙ ከፍ ብሎ ስለሚደርሰው ይቀበለዋል፣ ይገፋል። ከስድስት አቅጣጫ እንዲህ ስናደርግ አቶሙ የትም ቢሄድ የሚመልሰው ብርሃን አለ። ስቲቨን ቹና ባልደረቦቹ ይህን በ1985 በሶዲየም አቶሞች አሳዩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሁለት የሽቦ ጥቅልል ተጨመረ። ጥቅልሎቹ የሚፈጥሩት የማግኔት መስክ መሃሉ ላይ ዜሮ ነው፣ ከመሃል በራቁ ቁጥር ይበረታል። ያኔ ብርሃኑ ማዘግየት ብቻ ሳይሆን አቶሞቹን አንድ ቦታ መሰብሰብም ቻለ። ለዚህ ዘርፍ ቹ፣ ክሎድ ኮሄን-ታኑጂና ዊሊያም ፊሊፕስ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ 80,000 ፎቶኖች በተከታታይ መምጣት አለባቸው። አቶሙ አንዱን ተቀብሎ፣ መልሶ ተፍቶ፣ ወደ መነሻው ተመልሶ ሌላውን መቀበል አለበት። ሩቢዲየም ላይ ይህ ቀላል ነው። ውጪ ያለው ኤሌክትሮን አንድ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። አልፎ አልፎ ሌላ ቦታ ቢወርድ አንድ ተጨማሪ ሌዘር ይመልሰዋል። ዲስፕሮሲየም ግን ውስጡ የተጨናነቀ ነው። 14 ኤሌክትሮን በሚይዝ የውስጥ ክፍል ውስጥ 10 ብቻ አሉ። ማግኔት ያደረገውም ይኸው ጎዶሎነት ነው፤ የኤሌክትሮኖቹ ዙረትና ሽክርክሪት ተደምረው ነው ቅድም ያልኳችሁን 10 የቦር ማግኔቶን የሚሰጡት። ያው ጎዶሎነት ግን በመነሻውና በመድረሻው መካከል ከ100 በላይ ሌሎች የጉልበት ደረጃዎችን ይፈጥራል። ኤሌክትሮኑ ሲወርድ ከነዚህ በአንዱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እዚያ ያረፈ አቶም ሰማያዊውን ሌዘር አያየውም። ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ደረጃ መመለሻ ሌዘር ይገዛ ቢባል ላብራቶሪው ሌዘር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እነዚህን አቶሞች በሌዘር ማጥመድ ውሃን በወንፊት መቅዳት ነው ተብሎ ለብዙ ዓመታት ተተወ።

በ2006 ጃቤዝ ማክሌላንድና ጄምስ ሃንሰን በኤርቢየም ሞከሩት። ቦታው ጌይተርስበርግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ያላችሁ ታውቁት ይሆናል፣ ከዚያ ብዙም አይርቅም። አንድም መመለሻ ሌዘር ሳይጨምሩ አቶሞቹ ተሰበሰቡ። ወንፊቱ ውሃ ያዘ! ለምን?

አቶሞቹ መፍሰሱንማ ይፈስሳሉ። ሌዘሩን ማየት ያቆማሉ። ግን ማግኔት ናቸው፣ ያውም ብርቱ ማግኔት። ለሌዘሩ ሥራ ተብሎ የተዘረጋው የሽቦዎቹ መስክ እነሱን ብቻውን ለመያዝ ይበቃል። አንድ የዲስፕሮሲየም አቶም ክብደቱ ከሩቢዲየም እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። ሆኖም ከስበት ጋር ታግሎ ተንሳፎ እንዲቆም የሚፈልገው የመስክ ለውጥ በሴንቲሜትር 3 ጋውስ ገደማ ነው፤ ጋውስ የማግኔት መስክ መለኪያ ነው። ሩቢዲየም 15 ይፈልጋል። ወጥመዱ ውስጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ አለ። እናም የፈሰሰው አቶም አይጠፋም። ጨለማ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ኤሌክትሮኑ ቀስ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወርድና መነሻው ይደርሳል። ያኔ ሌዘሩ እንደገና ያገኘዋል፣ ሥራው ይቀጥላል።

እሾህን በእሾህ ማለት ይኼ ነው። አቶሙን ያወሳሰበው ነገርና ያዳነው ነገር አንድ ነው። ዛሬ ማታ ከምነግራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ያዙ። እኔን ወደዚህ ርዕስ የሳበኝም ይኸው ታሪክ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቤንጃሚን ሌቭና ተማሪዎቹ ኢሊኖይ ውስጥ በዚሁ መንገድ ዲስፕሮሲየምን ያዙ።

አውሮፓ ውስጥ አንድ ላብራቶሪ ስጎበኝ ይህን በዓይኔ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። በሩን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የፓምፕ ጩኸት ነው። ጠረጴዛው ላይ መስታወትና ሌንስ ተደርድሯል። መሃል ላይ አየር የወጣለት የብረት ዕቃ አለ፣ ክብ መስኮቶች ያሉት። አንዷ ተማሪ «በዚህ በኩል እዩ» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም ሳይነካው በመሃል የተንጠለጠለ ቀይ ነጥብ። ካሜራ አልነበረም፣ በዓይኔ ነው። ትክክለኛው መሃል ላይ ግን አልነበረም። ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የተኛ ይመስል ሥሩ ክብ ሆኖ ነበር። ሌዘሩ የተዛነፈ መስሎኝ ጠየቅኋት። «ስበት ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰማያዊው ብርሃን ብርቱ ነው፣ ግን ሻካራ ነው። በእሱ ብቻ ዲስፕሮሲየምን ከ770 ማይክሮኬልቪን በታች ለማውረድ ያስቸግራል። ማይክሮኬልቪን የኬልቪን አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ኬልቪን ደግሞ ከመጨረሻው ቅዝቃዜ ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ ነው። ቀይ የሆነ፣ 626 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌላ ብርሃን አለ። አቶሙ ይህን የሚቀበለው በዝግታና በጣም መርጦ ነው። ግፊቱ ለስላሳ ስለሆነ የሚያደርሰው የሙቀት ወሰን 3 ማይክሮኬልቪን አካባቢ ነው። ግን ለስላሳ በመሆኑ የአቶሙ ክብደት መታየት ይጀምራል። አቶሞቹ ከመሃል ወርደው ከታች የሚመጣው ጨረር ሊደግፋቸው የሚችልበት ቦታ ላይ ያርፋሉ። ያየሁት ቀይ ነጥብ ወደ ታች የወረደው ለዚህ ነው። የአቶም ክብደት በዓይን ይታያል ብሎ ማን ያስባል!

መውረዱ ደግሞ ጥቅም ይዞ መጣ። ጥቅሙን ለመረዳት ግን ማግኔትነቱ እንደገና ጠላት የሆነበትን ቦታ ማየት አለብን።

ቀጣዩ ደረጃ ትነት ነው። ትኩስ ሻይ እፍ እፍ ስንል የምናደርገው ማለት ነው። በጣም የሚሮጡት ይሄዳሉ፣ የቀሩት ይቀዘቅዛሉ። ሩቢዲየም ላይ ይህ በማግኔት ወጥመድ ውስጥ ይሠራል። ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዊማን በ1995 ኮሎራዶ ላይ የመጀመሪያውን የቦዝ-አይንስታይን ኮንደንሴት ያገኙት እንዲህ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ አቶሞች ማንነታቸው ተዋሕዶ እንደ አንድ ሞገድ የሆኑበት ሁኔታ ነው። ሐሳቡን በ1924 የጀመረው ዳካ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሳትየንድራ ናት ቦዝ ነው። ብርቱ ማግኔት የሆኑት አቶሞች ላይ ግን አልሆነም። የማግኔት ወጥመድ የሚይዘው ጉልበታቸው ከፍ ባለ አቅጣጫ የቆሙትን ነው። ሁለቱ ሲጋጩ አንዱ የሌላውን አቅጣጫ ይገለብጠዋል። የተገለበጠው ጉልበቱን ይለቅና ይፈናጠራል። ብዙ በተሰበሰቡ ቁጥር ብዙ ይባረራሉ።

መፍትሔው ሁሉንም አቶሞች ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ማስቀመጥ ነው። ወለል ላይ የተኛ ሰው ከአልጋ አይወድቅም። ያንን ደረጃ የማግኔት ወጥመድ ስለማይዘው በጠንካራ የኢንፍራሬድ ጨረር እምብርት ይያዛል። ጀርመን አገር ያለው የሽቱትጋርቱ ቲልማን ፕፋው ቡድን በ2005 በክሮሚየም የተሳካለት በዚህ መንገድ ነው። ሌቭ በ2011 በዲስፕሮሲየም፣ ፍራንቼስካ ፈርላይኖ በ2012 ኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ ላይ በኤርቢየም ቀጠሉ። ወደ ቀይዋ ነጥብ እንመለስ። አቶሞቹ ወደ ታች ስለወረዱ በብዛት የሚያገኛቸው ከታች የሚመጣው ብርሃን ነው። ያ ብርሃን ደግሞ ሁሉንም ወደዚያው ዝቅተኛ ደረጃ ያሰልፋቸዋል። የኢንስብሩክ ሰዎች ይህን በኤርቢየም አይተውታል። ሌላው ብዙ የሚደክምበትን ማሰለፍ የመሬት ስበት በነጻ ሠራላቸው።

አሁን ወደ ሁለቱ ማግኔቶቼ። ይህ ሁሉ የተደከመው ለዚህ ነው። የሩቢዲየም አቶሞች እንደ ብይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ካልተጋጩ አይተዋወቁም። የዲስፕሮሲየም አቶሞች ግን ከሩቅ ይተያያሉ፣ ያውም እንደ አቀማመጣቸው። የማግኔት መስኩን ወደየት እንደምናዞረው እኛ እንወስናለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የኮምፓስ መርፌን መሃሉን አስራችሁ በክር ብታንጠለጥሉት እዚህ አዲስ አበባ አግድም ይተኛል ማለት ይቻላል። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋላ። ኢንስብሩክ ብትወስዱት አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል። ከ1958 ጀምሮ ይህን መስክ የሚለካ ታዛቢ ጣቢያ በዩኒቨርሲቲያችን አለ። ላብራቶሪዎቹ የምድርን መስክ በሽቦ ጥቅልል አጥፍተው የራሳቸውን ይተክላሉ። አቶሞቹ ለዚህ ያህል ንቁ ናቸውና።

በ2016 የፕፋው ቡድን አቶሞቹ መሰባሰብ የሚበዛባቸውን ሁኔታ ፈጠረ። በነበረው ስሌት ሁሉም ወደ ውስጥ ተደርምሰው መጥፋት ነበረባቸው። አልተደረመሱም። በትናንሽ ጠብታዎች ተከፋፍለው በሥርዓት ተሰለፉ። ከኳንተም የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ ከቁጥር የማይገባ መንቀጥቀጥ አለ። መደርመሱን ያቆመው እሱ ሆኖ ተገኘ። ጋዝ ነው፣ ከአየር በብዙ ሺህ እጥፍ የሳሳ። ግን እንደ ፈሳሽ ጠብታ ራሱን ይይዛል።

ሦስት ዓመት ቆይቶ የበለጠው መጣ። ጠብታዎቹ በጣም ሳይራራቁ ቢቀሩስ? አቶሞች ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው ያለ ምንም ሰበቃ ይፈስሳሉ። መቁጠሪያ አስቡ። ፍሬዎቹ በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፣ ይህ ጠጣር ነው። ክሩ ግን ራሱ ከፍሬዎቹ የተሠራ ነው፣ ሁልጊዜም ይፈስሳል። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ጠጣርም ፈሳሽም ሆነ። ሱፐርሶሊድ ይሉታል። የፊዚክስ ሰዎች ይህን ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሲጠብቁት ነበር። በ2004 በጠጣር ሂሊየም ውስጥ ተገኘ ተብሎ ነበር። ሙከራውን የሠራው ሞሰስ ቻን ራሱ በ2012 በተሻሻለ መሣሪያ ደግሞት ምልክቱ ጠፋ፤ እሱም ይህንኑ አሳተመ። እኔ ለዚህ ሰው ትልቅ ክብር አለኝ። በ2019 በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ቡድኖች፣ የጣሊያኑ ጆቫኒ ሞዱኞ፣ ፕፋውና ፈርላይኖ፣ በማግኔት አቶሞች አሳዩት። በ2024 ደግሞ የኢንስብሩክ ቡድን ያንን ሱፐርሶሊድ አማሰለው። ማንኪያ አልነበራቸውም። የማግኔት መስኩን አቅጣጫ አዞሩት፣ አቶሞቹ ተከትለው ዞሩ። ትናንሽ አዙሪቶችም ታዩ። ያለ ሰበቃ ለሚፈስ ነገር አዙሪት ማለት ፊርማው ነው።

ቅድም አንድ ተማሪ በወረቀት «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ጽፎልኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በግልጽ ልመልስ። ነገ ገበያ የሚወጣ ዕቃ የለም። የሚገኘው መለማመጃ ነው። ኤሌክትሮኖች በጠጣር ነገር ውስጥ ከሩቅ እየተያዩ የሚሠሩትን ኮምፒውተር አስልቶ መጨረስ አይችልም። እነዚህ አቶሞች ግን ያንን ቀስ ብለው፣ በሚታይ መጠን ይሠሩልናል።

አንድ ላሳያችሁና ልቀመጥ። ይህን ማግኔት ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ወረቀት አለብሰዋለሁ። ሌላውን ከወረቀቱ በላይ ሳንቀሳቅሰው የታችኛው ይከተላል። አይነካኩም። በ2024 የቮልፍጋንግ ኬተርለ ቡድን ማሳቹሴትስ ላይ ዲስፕሮሲየምን በሁለት ስስ ንብርብር ለያየው። በመካከላቸው 50 ናኖሜትር ባዶ ቦታ አለ። ከዚህ ወረቀት ውፍረት ከሺህ እጥፍ በላይ ያንሳል። ከዚያ አንዱን ንብርብር ብቻ አሞቁት። አንድም አቶም ሳይሻገር፣ በማግኔትነት ብቻ፣ ሌላኛውም ሞቀ።